የአባቴ ዜኒት፦ 36 አንስቼ አንድም አልወጣልኝም

የጅሬኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው ያለሁት። የፊልም ካሜራ የምታውቁ እስቲ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

አባቴ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣ ዜኒት ኢ አለው። ከነቆዳ ማኅደሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ስንት ዓመት ተኝቶ ኖሯል። ባለፈው አውጥቼ ጠራረግኩት። ስጫነው "ቀጭ!" የሚለው ድምፅ ራሱ ደስ ይላል። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ባለ 36 ኮዳክ 200 ሁለት አመጣችልኝ። አንዱን አስገባንና የወንድሜን ቀለበት ቀኑን ሙሉ እሱን አንጠልጥዬ ዋልኩ፣ የተረፈችውን ደግሞ በማግስቱ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጥቼ ጨረስኳት። ከዚያ በሰው እጅ አዲስ አበባ ልኬ አሳጠብኩ። ሁለት ሳምንት ጠብቄ ምን ቢመጣልኝ ጥሩ ነው? ባዶ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ላስቲክ። ያጠበው ሰው "ካሜራው ሞቷል፣ ለጌጥ አስቀምጡት" አለኝ።

አንድ ፊልም ቀርታኛለች። እሷንም እንዳልጨርሳት ፈርቻለሁ። እውነቱን ለመናገር መሠረቱንም አላውቀውም። ሌንሱ ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት ቀለበቶች ለምን እንደሆኑ አልገባኝም፣ ላይዋ ላይ የምትንቀጠቀጠዋ መርፌም ምን እንደምትል አላውቅም። አባቴን ስጠይቀው "ይሄማ ምን አላት" ብሎ ይነጥቀኝና ራሱ ያደርገዋል። እኔ ጀርባውን ብቻ ነው የማየው። እባካችሁ ከሀ ጀምራችሁ አስረዱኝ።

አጂፕ ሰፈር፦

ወንድሜ ለምን ራስህን ታሰቃያለህ? ስልክህ ላይ ፊልም የሚያስመስል አፕ ጫንና ተገላገል። ቀለበት ተበላሽቶ እኮ አይደገምም።

የጅሬኗ፦

እህትህ ነኝ። አፑ አለኝ። ጥያቄዬ ስለ ካሜራው ነው።

ጨለማ ክፍል፦

ልጄ፣ ካሜራውን ከመቅበራችሁ በፊት ያንን ባዶ ፊልም ወደ መስኮት አንሺና ጠርዙን እዪው። ቀዳዳዎቹ ባሉበት ዳር ላይ የፋብሪካው ስምና ቁጥሮች ይታያሉ? እነዚያን ካሜራሽ አይጽፋቸውም። ፋብሪካው ራሱ በብርሃን አትሟቸው ነው የሚልካቸው፣ ሲታጠብ ነው የሚወጡት። ስለዚህ ቁጥሮቹ ካሉ አጠባው ደህና ነበር፣ ፊልሙ ግን ብርሃን አላየም። ቁጥሮቹም ከሌሉ ጥፋቱ የአጣቢው ነው፣ ካሜራሽን ለማማት አፍ የለውም። ፊልሙ ድፍን ጥቁር ሆኖ ቢሆን ደግሞ ተቃጥሏል እንል ነበር፣ ማለትም የሆነ ቦታ ክዳኑ ተከፍቶበታል ወይ ብርሃን ገብቶበታል። ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ሰው ግን ሦስቱንም "ካሜራው ሞቷል" ይላቸዋል።

እኔ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው ያረጀሁት። ዳሩ ቁጥር እያለው መሀሉ ባዶ የሆነ ፊልም ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው። ፊልሙ አልያዘም። ምላሱ፣ ማለትም የፊልሙ ጫፍ፣ ከመጠቅለያው ሾልኮ ወጥቷል፣ አንሺው ቀኑን ሙሉ እየጎተተ ይተኩሳል፣ ፊልሙ ግን ቆርቆሮው ውስጥ ተኝቷል። አንድ የማውቀው አንሺ ሠርግ ሙሉ እንዲህ አንስቶ ሲያበቃ፣ በሳምንቱ ሙሽሮቹን ለምኖ እንደገና ልብስ አስለብሶ አነሳቸው። ሰዎቹም ደግ ነበሩ። ኬኩን ግን ከየት ያምጣ?

አሁን አገባቡን ልንገርሽ። ያቺን የታጠበች ባዶ ፊልም እንዳትጥያት፣ መለማመጃሽ እሷ ናት። የቀረችሽን አዲሷን አትንኪያት። የታጠበው ተቆራርጦ ከሆነ ጊዜው ያለፈበት አሮጌ ፊልም ፈልጊ።

ጀርባውን ክፈቺ። ቆርቆሮው በግራ በኩል ይቀመጣል። ምላሱን ስበሽ በቀኝ ያለው መጠቅለያ ቀዳዳ ውስጥ አስገቢ፣ ለይምሰል ሳይሆን ጠለቅ አድርገሽ። ከዚያ ጀርባው ክፍት እንደሆነ የፊልም ማሳለፊያውን እጀታ አንዴ ጎትተሽ ተኩሺ። የፊልሙ ቀዳዳዎች ከላይም ከታችም ጥርሶቹ ላይ መቀመጣቸውን በዓይንሽ እዪ። አንድ ዙር ተጠቅልሎ ጠበቅ ሲል ነው ክዳኑ የሚዘጋው። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸኩለው። ፊልም እንዳይቃጠል ፈርቶ ምላሱን ወሽቆ ድርግም ያደርገዋል። እዚያች ምላስ ላይ እኮ ፎቶ የለም! ብትቃጠል ምን ቸገረሽ?

ከዘጋሽ በኋላ በግራ በኩል ያለችውን መመለሻ ቁልፍ ቀስ ብለሽ ቀስቱ ወደሚያሳየው አዙሪያት። ውስጥ የላላው ፊልም ተሰብስቦ እምቢ ስትልሽ አቁሚ። አሁን ማሳለፊያውን ስትጎትቺ ዓይንሽ እሷ ላይ ይሁን። አብራ ከዞረች ፊልሙ ይሄዳል። ዝም ካለች ፊልሙ ቆሟል፣ ክፈቺና ከመጀመሪያው ድገሚ። ሁለት ባዶ ተኩሰሽ ቁጥር ቆጣሪዋን ዜሮ ላይ አድርጊ። የዜኒት ኢ ቆጣሪ በራሱ አይመለስም፣ በእጅ ነው።

ሲያልቅ ደግሞ የመተኮሻው ቁልፍ ዙሪያ ያለችውን ቀለበት ተጭነሽ ይዘሽ በግራዋ ቁልፍ መልሺው። ፊልሙን ቆርቆሮው ውስጥ ሳትመልሺ ጀርባውን የከፈትሽ ቀን ያኔ ነው የሚቃጠለው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሻተሩ፣ ማለትም ስትተኩሺ ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ፣ እንደሚሠራ ያለ ፊልም ማየት ትችያለሽ። ጀርባውን ከፍተሽ ሌንሱን ወደ መስኮት አዙሪ፣ የሻተሩን ፍጥነት 30 ላይ (የሰከንድ 1/30) አድርገሽ በኋላ በኩል እያየሽ ተኩሺ። ብርሃን ብልጭ ካለ ይከፈታል። 500 ላይም ሞክሪው። መጋረጃዎቹ ጨርቅ ስለሆኑ በእርጅና ይነቃሉ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ አብርተሽ ቀዳዳ እንዳላቸው ፈትሺ።

ሸገር በፊልም፦

ጋሼ የፊልሙን ጨረሱት። እኔ ሌንሱንና መርፌዋን ልያዝ። ዜኒት ኢ እኔም አለኝ። የመለያ ቁጥሩን እዪው እስቲ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራበት ዓመት ናቸው። የኔ 79 ይላል።

ሌንስሽ ሄሊዮስ 44-2 ከሆነ ሁለቱ ቀለበቶች አንድ ሥራ ተካፍለው ነው የሚሠሩት። አንደኛዋ የምትፈልጊውን የዲያፍራም (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ቁጥር፣ ለምሳሌ 8ን፣ ቀድመሽ የምትመርጪባት ናት። ሁለተኛዋ ደግሞ መክፈቻና መዝጊያ ናት። ለምን ሁለት ሆኑ ብትዪ፣ ዲያፍራሙ ሲጠብ በመስኮቷ የምታዪው ነገር ይጨልምና ፎከስ ማድረግ ያቅትሻል። ስለዚህ ሙሉ ከፍተሽ 2 ላይ ፎከስ ታደርጊያለሽ፣ ከዚያ ቁጥሩን ሳታዪ እስከሚያቆምሽ ድረስ ታዞሪያለሽ፣ ራሷ 8 ላይ ትቆማለች፣ ትተኩሻለሽ። መዝጋቱን ብትረሺ ፊልምሽ ብርሃን በልቶት ይመጣል። እኔ በመጀመሪያው ወር ረስቼዋለሁ፣ አሁንም ሰው ካዋራኝ እረሳለሁ።

መርፌዋ የብርሃን መለኪያ ናት። ባትሪ የላትም፣ ከፊት ያለው የማር እንጀራ የሚመስል መስታወት ውስጥ ሴሌኒየም አለ፣ ብርሃን ሲያገኝ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። መጀመሪያ የፊልሙን ቁጥር ትሞያለሽ፣ 200ን ካላገኘሽ የሚቀርበውን። ከዚያ ክቧን መርፌዋ ላይ እስክትገጥም ታዞሪያለሽ። የትኛው ፍጥነት ከየትኛው ዲያፍራም ጋር እንደሚሄድ ይነግርሻል። ግን መንገር ብቻ ነው! ወስደሽ ፍጥነቱንና ሌንሱን በእጅሽ ነው የምታስተካክዪው። ብዙ ሰው መርፌዋን አይቶ ካሜራው ራሱ ያስተካከለ ይመስለዋል። ሴሌኒየም ደግሞ ያረጃል፣ ስልክሽ ላይ የብርሃን መለኪያ አፕ ጭነሽ አወዳድሪው። በጣም ከተለያዩ መርፌዋን እርሻት።

ያለ መለኪያም ይሠራል። በ200 ፊልም ፍጥነቱን 250 ላይ ተዪው። የጥቅምት ፀሐይ፣ ጥላሽ መሬት ላይ ቁልጭ ብሎ ሲታይ፣ 16። ሳሳ ያለ ደመና ጥላውን ሲያደበዝዘው 11፣ ጥላ ሲጠፋ 8፣ ሰማዩ እንደናንተ ሐምሌ ሲከብድ 5.6። ዛፍ ወይም በረንዳ ጥላ ውስጥ ያለ ሰው 4 ይፈልጋል። ቡና ማሳ ውስጥ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ከገባሽ ግን ይሄ ሁሉ አይሠራም። እዚያ ፍጥነቱን 60 ላይ አውርደሽ፣ ሌንሱን 2.8 ወይም 2 ከፍተሽ፣ ክርንሽን ከጎንሽ አጣብቀሽ ትንፋሽሽን ይዘሽ ነው። አባ ጅፋር ውስጡም እንደዚያው ነው፣ እንጨቱ ብርሃኑን ይጠጣዋል።

ለኛ ሰው ደግሞ ማንም የማይነግርሽ ነገር አለ። መለኪያ ነጭም ጥቁርም አያውቅም፣ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ማድረግ ነው የሚፈልገው። እናትሽ ነጭ ነጠላ ለብሳ ብትቆም ነጠላዋን አይቶ "ብርሃን በዛ" ይላል፣ ፊቷ ይጠቁርብሻል። ቀረብ ብለሽ ፊቷን ለኪ። ወይ ነጠላዋን ለክተሽ ዲያፍራሙን አንድ ወይ ሁለት ደረጃ ክፈቺው። የኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ይችለዋል፣ ሲያንሰው ግን ጨለማው ውስጥ የጠፋውን ማንም አይመልስልሽም። ስለዚህ ከተጠራጠርሽ ክፈቺ።

ሌላ፣ በዜኒት መስኮት የምታዪው ፊልሙ ላይ ከሚወጣው ያንሳል። መስኮቷ 20 በ28 ሚሊሜትር ብቻ ነው የምታሳየው፣ ፊልሙ ላይ ግን 24 በ36 ይወጣል። አሳምሬ ቆርጬ አስወጣኋት ያልሻት የመብራት ምሰሶ ስትታጠብ ተመልሳ ትመጣለች።

ፊልም ከውጭ የሚያመጣልሽ ሰው ካለ ኤርፖርት ላይ በእጅ እንዲፈትሹለት ይለምን። አዲሶቹ ሲቲ ስካነሮች ያልታጠበ ፊልም ይጎዳሉ።

ቡና ቁርስ፦

ጅማ ሆናችሁ አጠባ አዲስ አበባ የምትልኩት ለምንድን ነው ቡና በአገሩ እያለ? ቀልዴን አይደለም። በ1995 እንደ ፈረንጅ፣ አሜሪካ ሮቼስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ አንድ መምህርና ተማሪዎቹ ፊልም በቡና ማጠብ እንደሚቻል አሳዩ። ካፌኖል ይባላል። ሥራውን የሚሠራው ካፌይን እንዳይመስላችሁ፣ ካፌይክ አሲድ የሚባል ሌላ ነገር ነው።

ኬሚስትሪ ነው የተማርኩት፣ እኔና ጓደኛዬ ሞክረነዋል። ለ1 ሊትር ውሃ 54 ግራም ደረቅ ማጠቢያ ሶዳ፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 40 ግራም የሚሟሟ ቡና (ርካሹን ግዙ፣ ይሻላል)። ሶዳውን ቀድማችሁ አሟሙት፣ ቡናው መጨረሻ ነው የሚገባው። 20 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ። ማጠቢያ ሶዳ ካጣችሁ ቤኪንግ ሶዳ ድስት ላይ ቁሉት፣ ውሃውና ጋዙ ወጥቶ ወደ ማጠቢያ ሶዳነት ይቀየራል። 100 ግራሙ ወደ 63 ግራም ሲወርድ አበቃ ማለት ነው፣ እስከዚያ ሚዛን ላይ እየመለሳችሁ። የቀለም ፊልምም ይሠራል፣ ግን ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው።

የኛው የጀበና ቡናስ ለምትሉ፣ አረቢካ ነው፣ ካፌይክ አሲዱ የሚገኝበት ነገር ከሮቡስታ ያነሰ አለው፣ ሲቆላ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። እኛ አፍልተን ሞከርነው፣ ጥላ የመሰለ ነገር ወጣ። በሚሟሟው ግን ጥሩ ሆነልን፣ ትንሽ ቡናማ ቢሆንም። ሽታው ብቻ... እናቴ ድስቷን እስከ ዛሬ አልነካችውም።

ጨለማ ክፍል፦

ልጆች፣ ቡናውን ጠጡት። ደግሞ ፊክሰር፣ ያው ሃይፖ የምንለውን፣ ሳትነግሪያት ልትልኪያት ነው? ቡናው ምስሉን ያወጣል እንጂ አያጸናውም። ሃይፖ ውስጥ ካልገባ ብርሃን ባየ ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል። በሃይፖ ፈንታ የሚሆን ቡና የለም።

ቡና ቁርስ፦

ልክ ነዎት ጋሼ፣ ረስቼው ነው። ሃይፖ የግድ ነው። ፊልሙን የሚታጠብበት ታንክ ውስጥ የምታስገቡትም ድፍን ጨለማ ውስጥ ነው፣ በቀይ መብራት እንኳ አይሆንም።

የጅሬኗ፦

ኧረ አመሰግናለሁ! በጣም! አሁን አየሁት። ጠርዙ ላይ "ኮዳክ" ይላል፣ ቁጥሮቹም እስከ 36 ቁልጭ ብለው አሉ። መሀሉ ነው ባዶ። ማለት አልያዘም ነበር፣ አይደል?

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ያንን ፊልም ያስገባው አባቴ ነው። "ስጪኝ ባክሽ" ብሎ ነጥቆኝ፣ መነጽሩን እንኳ ሳያደርግ፣ ወሸቅ አድርጎ ድርግም። ያጠበው ሰው ካሜራው ሞቷል ሲል እኔም ካሜራውን ነው ስወቅስ የከረምኩት። አሁን እንዴት ብዬ ነው የምነግረው? የወንድሜ እጮኛ ቤተሰቦች እስከ ዛሬ "ፎቶው የታል?" ይላሉ።

ሸገር በፊልም፦

አትንገሪው። ፊልሙ ጊዜው ያለፈበት ነበር በይ።

ጨለማ ክፍል፦

ንገሪው እንጂ! አይከፋውም፣ ያውቀዋል። በዚያ ዘመን ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ፊልም አለው። እንደውም "አባዬ፣ አንተስ ስንት ባዶ አጥበሃል?" ብለሽ ጠይቂውና ወሬውን ስሚ።

ደግሞ የቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አትመልሺው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ጅማ ደግሞ ዝናብ አጥታ አታውቅም። ሌንሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው። ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ እነዚያን ከጫማ ካርቶን የሚወጡ ትንንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጨምረሽ አስቀምጪው።

አጂፕ ሰፈር፦

እኔ ራሴ ካሜራ አማረኝ እኮ። የሚሸጥ ያለው ሰው አለ?

የጅሬኗ፦

ተመልሻለሁ። ጠየቅኩት ጋሼ። ሳቀ። ኦዴሳ እያለ ባሕሩን፣ መርከቡን፣ ጓደኞቹን በሙሉ ያነሳበት ፊልም እንዲሁ ባዶ ሆኖበት እንደነበር ነገረኝ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም።

ከዚያ በባዶዋ ፊልም ስምንት ጊዜ ተለማመድኩ። ሦስት ጊዜ ሾለከብኝ። ስትሾልክ በእውነት ምንም አይታወቅም፣ ማሳለፊያው ይጎተታል፣ ድምፁም ያው ነው። ቁልፏ ብቻ ነች ዝም የምትለው። ዛሬ ጠዋት አዲሷን አስገባሁ። አባቴ አጠገቤ ቆሞ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ሊነጥቀኝ ቃጥቶታል። ቁልፏ ዞረች! ሐሙስ ገበያ ወጥቼ በርጩማ የሚሸጡትን ሰዎች፣ የተደረደረውን በርበሬ፣ አንድ ሁለት ልጆች አነሳሁ። ፀሐይ ስለነበር 16 ላይ ነው የሠራሁት፣ ጥላ ውስጥ የቆሙትን ሴትዮ ግን 4 ከፍቼላቸዋለሁ። ሌንሱን መዝጋት ሁለት ጊዜ የረሳሁ ይመስለኛል።

አሁን ስንተኛዋ ላይ እንደሆንኩ ነው ያላወቅኩት። ቆጣሪዋ 29 ትላለች፣ እኔ ግን ያን ያህል ያነሳሁ አይመስለኝም።

ጨለማ ክፍል፦

ስታስገቢ ዜሮ ላይ መልሰሻታል?

የጅሬኗ፦

...አልመለስኳትም።

ጨለማ ክፍል፦

እንግዲያው ቁጥሯን ተያት። ማሳለፊያው መሀል መንገድ ላይ እምቢ ሲልሽ አልቋል ማለት ነው። አትታገዪው፣ ይበጠስብሻል። ቀለበቷን ተጭነሽ መልሺው።